ሰፈራችሁ ያለው ክፍት ሜዳ ላይ ትምህርት ቤት ሊሠራ ነው? ለካውንስል ተቃውሞ የማቅረቢያ መመሪያ

ለንደን ውስጥ ከምኖርበት አካባቢ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል። «ልጆቹ የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ትምህርት ቤት ሊሠሩ ነው። ምን ብዬ ልጻፍ? ዜግነት የለኝም፣ ተከራይ ነኝ፣ ይሰሙኛል ወይ?» አዎ፣ ይሰሟችኋል። ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) በሚያየው የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻ ላይ አስተያየት ለመስጠት ዜግነትም፣ የቤት ባለቤትነትም አይጠየቅም። የሚጠየቀው በጊዜው መጻፍና ሕጉ በሚሰማው ቋንቋ መጻፍ ነው። በስልክ ደጋግሜ የምናገረውን እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

ብዙ ሰው የሚጨነቅበትን ነገር መጀመሪያ ላንሳ። «ትምህርት ቤት መቃወም ነውር አይሆንም?» ይሉኛል። የምትቃወሙት ትምህርት ቤቱን አይደለም፣ ቦታውን ነው። ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ግልጽ አድርጉት። ምክንያቱም የእንግሊዝ ብሔራዊ የፕላን ፖሊሲ ለአዲስ ትምህርት ቤት ትልቅ ክብደት ይሰጣል። «ትምህርት ቤት አንፈልግም» የሚል ደብዳቤ ገና ሲከፈት ይሸነፋል።

የሚያስፈልጋችሁ

- የማመልከቻው ቁጥር እና የአስተያየት መስጫው የመጨረሻ ቀን
- ካሜራ ያለው ስልክ
- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ (ለቆጠራ ነው፣ ከታች አለ)
- የካውንስላችሁ ሎካል ፕላን ካርታ (የትኛው መሬት ለምን እንደሚውል የሚያሳይ)፣ ድረ ገጹ ላይ በነጻ ይገኛል
- እንግሊዝኛ አጣርቶ የሚጽፍ አንድ ሰው፣ ልጃችሁም ሊሆን ይችላል
- ሁለት ወይም ሦስት ምሽት እና አንድ ቅዳሜ

1. ማስታወቂያውን ፎቶ አንሱ፣ ቁጥሩን ያዙ

ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ በላስቲክ ተሸፍኖ የመብራት ምሰሶ ወይም አጥር ላይ የታሰረ አንድ ወረቀት ነው። ዝናብ ይገባበትና ቀለሙ ይፈሳል፣ ወይ ነፋስ ይወስደዋል። ስታዩት ወዲያው ፎቶ አንሱት፣ ቀኑ በደንብ እንዲታይ አድርጉ። አስተያየት መስጫው አብዛኛውን ጊዜ 21 ቀን ነው። ቀኑን ካላወቃችሁ ስንት እንደቀራችሁ አታውቁም።

ቁጥሩን ካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ የፕላኒንግ መፈለጊያው ውስጥ ስታስገቡ ፋይሉ በሙሉ ይከፈታል። ጉዳዩን የያዘው ኬዝ ኦፊሰር ስምም እዚያው አለ። የምትጽፉት ለእሱ ወይም ለእሷ ነው።

ቀኑ ቢያልፍባችሁም ጻፉ። ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ የዘገየ ደብዳቤ የሚቀበሉ ካውንስሎች ብዙ ናቸው። ግን በዚህ ተማምናችሁ አትዘግዩ።

አንዳንዴ አመልካቹ ራሱ ካውንስሉ ወይም የመንግሥት የትምህርት መሥሪያ ቤት ይሆናል። «ካውንስሉ ለራሱ ሊፈቅድ ነው፣ ምን ዋጋ አለው» ብላችሁ እጃችሁን አታጥፉ። ካውንስሉም ቢሆን እንደማንኛውም አመልካች አስተያየት መጠየቅና ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት አለበት።

2. መሬቱ ምን ዓይነት ጥበቃ እንዳለው አረጋግጡ

ቀሪው ሥራ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። የሎካል ፕላኑን ካርታ ክፈቱና ሜዳችሁን ፈልጉ። ምን ዓይነት ቀለም እንደተቀባ እዩ፣ ከዚያ ቀለሙ ምን ማለት እንደሆነ ከካርታው ጎን አንብቡ።

ለንደን ውስጥ ሜትሮፖሊታን ኦፕን ላንድ የሚባል የጥበቃ ዓይነት አለ። ከለንደን ውጭ የለም። በ2021 የጸደቀው ለንደን ፕላን (የመላው ለንደን የግንባታ ፕላን) ጂ3 በሚባለው ፖሊሲው ለዚህ መሬት ከግሪን ቤልት፣ ማለትም በከተማ ዙሪያ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ከሚጠበቀው መሬት፣ እኩል ጥበቃ ይሰጠዋል። ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ እዚህ መሬት ላይ አዲስ ሕንፃ መሥራት፣ ከጥቂት የተዘረዘሩ ነገሮች በቀር፣ በመርህ ደረጃ ተገቢ አይደለም። የሚፈቀደው «እጅግ የተለዩ ምክንያቶች» ሲኖሩ ብቻ ነው። እነዚያ ምክንያቶች ደግሞ በሜዳው ላይ ከሚደርሰው ጉዳት በግልጽ የሚበልጡ መሆን አለባቸው። ይህን የማሳየት ሸክም የአመልካቹ ነው። የእናንተ ሥራ ሚዛኑ ወደ አመልካቹ ወገን እንደማይደፋ ማሳየት ነው።

ይህ ማለት ግን አይሠራም ማለት አይደለም። ምዕራብ ለንደን፣ ዊተን ውስጥ ቱሪንግ ሃውስ የሚባለው ትምህርት ቤት የቆመው ሜትሮፖሊታን ኦፕን ላንድ ላይ ነው። ነዋሪዎች ተቃውመው ነበር፣ ተፈቀደ። ስለዚህ «የተጠበቀ ነው» ብሎ መጻፍ ብቻውን አያድንም። ምክንያቱን አንድ በአንድ ማፍረስ ያስፈልጋል።

ሜዳው ኳስ መጫወቻ ከሆነ ወይም በቅርብ ዓመታት ከነበረ፣ ይህን ለብቻው መዝግቡት። ስፖርት ኢንግላንድ የሚባለው የስፖርት መሥሪያ ቤት የመጫወቻ ሜዳ ሲጠፋ ይቃወማል፣ ከዚህ የሚያልፈው ራሱ ካስቀመጣቸው አምስት ሁኔታዎች አንዱ ሲሟላ ነው። በዚያ ሜዳ ማን ስፖርት እንደሚሠራ ግን ከሩቅ ሆኖ አያውቅም። የምትነግሩት እናንተ ናችሁ።

ጥንቃቄ፦ የሰፈሩ ሰው ሜዳውን ለ20 ዓመት ያህል ያለ ፈቃድ፣ ያለ ክልከላና በግልጽ ሲጠቀምበት ከነበረ «ታውን ግሪን» (የሰፈር የጋራ ሜዳ) ብሎ ማስመዝገብ የሚቻልበት ሕግ አለ። በጣም ጠንካራ ጥበቃ ነው። ነገር ግን የግንባታ ማመልከቻው በይፋ ከወጣ በኋላ በሩ ይዘጋል። ስለ ግንባታው ወሬ ብቻ በሚሰማበት ጊዜ ላይ ከሆናችሁ፣ ዛሬውኑ ጠበቃ አማክሩ።

3. ከሰነዱ ውስጥ አራቱን አንብቡ

ፋይሉ ሲከፈት ያስደነግጣል። ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅባችሁም። አራት ሰነድ ፈልጉ፦ የፕላኒንግ መግለጫውን፣ የአማራጭ ቦታዎች ጥናቱን፣ የትራፊክ ጥናቱን እና የዕፅዋትና የእንስሳት ጥናቱን። ሁሉንም ወደ ስልካችሁ አውርዱ፣ በኋላ ሊቀየሩ ይችላሉ።

ከአራቱ ዋነኛው የአማራጭ ቦታዎች ጥናቱ ነው። «ከዚህ ሜዳ ሌላ ቦታ አጣን» የሚለው የአመልካቹ ምክንያት የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ስታነቡት ይህን ጠይቁ፦ ሌሎቹን ቦታዎች የጣሏቸው በምን መመዘኛ ነው? ብዙ ጊዜ ገና ከመጀመሪያው «ይህን ያህል ሄክታር የሌለው አይሆንም» ብለው ይጀምራሉ። እንዲህ ሲሆን የሚተርፈው ሰፊ ሜዳ ብቻ ይሆናል። መንግሥት ራሱ ያወጣው ቢልዲንግ ቡለቲን 103 የሚባል መመሪያ ግን ለጠባብ ቦታ ትምህርት ቤት የተለየ መለኪያ ያስቀምጣል። ለንደን ውስጥ ፎቅ ላይ ፎቅ ሆነው በጠባብ ቦታ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። መመዘኛው ለምን ያን ያህል ሰፋ ብላችሁ ጠይቁ። ከተጣሉት ቦታዎች አንዱን የምታውቁት ከሆነ ሄዳችሁ እዩት። «በሥራ ላይ ያለ ነው» የተባለው መጋዘን በሩ ተቆልፎ ከሆነ ፎቶውን ከነቀኑ ላኩ።

ቀጥሎ የተማሪ ቁጥር። ካውንስሎች በየጊዜው የትምህርት ቦታ ፍላጎት ትንበያ ያወጣሉ። አመልካቹ የተጠቀመበት ትንበያ የየትኛው ዓመት እንደሆነ እዩ። ለንደን ውስጥ ከ2012 ወዲህ የሚወለዱ ልጆች ቁጥር ቀንሷል፣ ተማሪ አጥተው የተዘጉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም አሉ። የቆየ ትንበያ ይዘው ከመጡ አዲሱን አጠገቡ አስቀምጡት። አዲሱ ትንበያ በእውነት እጥረት ካሳየ ግን አትካዱት። በዚህ ላይ የተያዘ አንድ ውሸት የቀረውን ደብዳቤ ያበላሸዋል።

ትራፊኩን ቶሎ ማየት ይበቃል። መኪና የተቆጠረው መቼ ነው? በትምህርት ቤቶች ዕረፍት ከሆነ ቁጥሩ አይረባም። የሌሊት ወፎች ጥናትም እንዲሁ ነው፣ በብርዱ ወራት የተደረገ ከሆነ ጠይቁ፣ የሚንቀሳቀሱት በሞቃቱ ወራት ነውና። ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ትላልቅ ግንባታዎች የአካባቢውን ተፈጥሮ ቢያንስ በ10 በመቶ እንዲያሻሽሉ በሕግ ይገደዳሉ። ያ ማሻሻያ እዚያው ሜዳ ላይ ነው ወይስ ሌላ ሰፈር? ሌላ ሰፈር ከሆነ ጻፉት።

4. ሜዳውን ቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ይሄ ነው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው ይሄ ነው እላለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ «ይህ ሜዳ ለሰፈሩ ሕዝብ በጣም አስፈላጊ ነው» ይል ነበር። የኦፊሰሩ ሪፖርት ሲወጣ ደብዳቤዬ በግማሽ መስመር ተጠቅሷል፦ «የአረንጓዴ ቦታ መጥፋት» በሚል። ከዚያ በላይ የሚጠቀስ ነገር አልሰጠኋቸውም ነበር።

በሚቀጥለው ጊዜ ደብተር ይዤ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ገጹን በአራት አምድ ከፈልኩት፦ ልጆች፣ ስፖርት የሚሠሩ፣ በእግር የሚያልፉ፣ አረጋውያን። ሰው ባለፈ ቁጥር አንድ ጭረት። በየሩብ ሰዓቱ መስመር አሰምራለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እጄ በብርድ ደንዝዟል፣ ግን ገጹ ሞልቷል።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። አንድ ቅዳሜ፣ አንድ የሥራ ቀን ከሰዓት፣ አንድ ጠዋት ይበቃል። ቀን፣ ሰዓት፣ የአየሩን ሁኔታ ጻፉ። ዝናባማ ቀን አትዝለሉ፣ በዝናብም ሰው እንደሚመጣ ማሳየት ጥሩ ማስረጃ ነው።

ከቁጥሩ ጎን ሁለት ወይም ሦስት ሰው አነጋግሩ። ከኛ ሰፈር አንዲት እናት አሉ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በምርኩዝ ከቤታቸው እስከ ሜዳው ወንበር ድረስ ይሄዳሉ፣ ከዚያ አልፈው መሄድ አይችሉም። የአመልካቹ ሰነድ «በአቅራቢያው ሌላ ፓርክ አለ» ይላል። እሳቸው ግን እዚያ ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ መያዝ አለባቸው። ይህን በአራት መስመር ጻፍን፣ በእሳቸው ፈቃድ። ካውንስል በ2010ሩ የእኩልነት ሕግ መሠረት ውሳኔው አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዴት እንደሚነካ ማሰብ ይገደዳል። እንዲህ ያለው አራት መስመር ያንን ግዴታ ያስነሳዋል።

ፎቶ ስታነሱ ከሕዝብ መንገድ ላይ ሆናችሁ አንሱ። ሕጉ የሚጠብቀው የሜዳውን ገላጣነት ነው፣ ሁሉም ሰው ሊያየው የሚችለውን ክፍት ቦታ። ከኩሽናችሁ መስኮት የሚታየው የግል ዕይታ አይቆጠርም። ሕንፃው የሚቆምበትን አቅጣጫ ከሁለትና ከሦስት ቦታ አንሱ፣ የቆማችሁበትን ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ።

ጥንቃቄ፦ የሌሎች ሰዎች ልጆች ፊት የሚታይበት ፎቶ አትላኩ። ደብዳቤው ከነፎቶው ድረ ገጽ ላይ ሊወጣ ይችላል።

5. ደብዳቤውን ጻፉ

ከሁለት ገጽ አይብለጥ። በአማርኛ ሐሳባችሁን አውጡ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ይመለስ። በቀጥታ በእንግሊዝኛ ስትጀምሩ የምትችሉትን ብቻ ትጽፋላችሁ፣ የምታውቁት ይቀራል።

ኦፊሰሩ ሊመዝናቸው የሚችሉት፦ የገላጣነት መጥፋት፣ የመጫወቻ ሜዳ መጥፋት፣ የመንገድ ደኅንነትና ትራፊክ፣ ዛፍና እንስሳት፣ ጎርፍ፣ ጫጫታ፣ ጎረቤት ቤት ላይ የሚወድቅ ጥላ።

የማይመዝናቸው፦ የቤታችሁ ዋጋ መውረዱ፣ የግል ዕይታችሁ መሸፈኑ፣ አመልካቹ ማን እንደሆነ፣ ግንባታው እስኪያልቅ የሚኖረው አቧራ።

ልዩነቱ በዓይን እንዲታይ፣ ደካማው እንዲህ ነው፦

«ይህ ሜዳ የልጆቻችን ነው። እባካችሁ አትውሰዱብን። ትራፊኩም በጣም ይብሳል።»

ጠንካራው ደግሞ እንዲህ፦

«ቦታው ሜትሮፖሊታን ኦፕን ላንድ ነው። የታቀደው ሕንፃ በለንደን ፕላን ፖሊሲ ጂ3 መሠረት ተገቢ ያልሆነ ግንባታ ነው። የአማራጭ ቦታዎች ጥናቱ በገጽ ይህን ያህል ላይ ሌሎች ቦታዎችን የጣለው በስፋት ብቻ ነው፣ ለጠባብ ቦታ የወጣውን የመንግሥት መለኪያ አልተጠቀመም። ስለዚህ እጅግ የተለየ ምክንያት መኖሩ አልታየም። ቅዳሜ ከጠዋቱ 9 እስከ 10 ሰዓት ባደረግኩት ቆጠራ ሜዳውን የተጠቀመው ሰው ብዛት ከዚህ ጋር ተያይዟል።»

ሁለተኛው ልመና የለበትም። የገጽ ቁጥር አለው፣ ፖሊሲ አለው፣ ቆጠራ አለው። ኦፊሰሩ ሪፖርቱ ውስጥ መልስ ሳይሰጥ ሊያልፈው ይቸግረዋል።

የመጨረሻው አንቀጽ ላይ «ካውንስሉ ከፈቀደ ግን» ብላችሁ የምትፈልጉትን ጠይቁ፦ የስፖርት ሜዳው ከትምህርት ሰዓት ውጭና ቅዳሜና እሑድ ለሰፈሩ በስምምነት ክፍት እንዲሆን፣ የእግር መንገዱ እንዳይዘጋ፣ ትልልቆቹ ዛፎች እንዲቀሩ። «ይህ እጅ መስጠት አይሆንም?» የሚሉኝ አሉ። አይሆንም። ተፈቅዶ ሲያበቃ ለመጠየቅ ዘግይቷል፣ እነዚህ ግዴታዎች የሚጻፉት ከፈቃዱ ጋር ነው።

ጥንቃቄ፦ ስማችሁና አድራሻችሁ በይፋ ሊወጣ ይችላል። ስለ ትምህርት ቤቱ ሃይማኖት፣ ስለሚመጡት ልጆች ዘር ወይም ሰፈር አንድም ቃል አትጻፉ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይጣላል፣ የጎረቤቶቻችሁን ደብዳቤም ያጠለሻል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጆቹ ምንም አላጠፉም።

6. ጎረቤት አስተባብሩ

ፊርማ ማሰባሰብ ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ ካውንስሎች ሁለት መቶ ፊርማ ያለበትን ወረቀት እንደ አንድ አስተያየት ይቆጥሩታል። አንድ ደብዳቤ አባዝቶ ስም መቀየርም ክብደት የለውም። ሃያ ሰው እያንዳንዱ የራሱን ግማሽ ገጽ ቢጽፍ ይሻላል።

እኛ ሥራውን ተከፋፈልን። አንዱ ትራፊክ፣ አንዷ ዛፎቹን፣ ኳስ የሚያሠለጥነው ልጅ ስፖርቱን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ከፍተን ተቀመጥን። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው ሰዎች በአማርኛ ነገሩን፣ ወጣቶቹ በራሳቸው አነጋገር ጻፉላቸው፣ መልሰው አነበቡላቸው። መልሶ ማንበቡን አትርሱ፣ ደብዳቤው የእነሱ ነውና።

7. ማን ዘንድ እንደሚኬድ

የቀበሌ ተመራጭ እንደምንለው እዚህ ለየዋርዱ (ለየምርጫ ሰፈሩ) ካውንስለር አለ። ጉዳዩ በኦፊሰር ብቻ እንዳይወሰን፣ ኮሚቴ ፊት እንዲቀርብ ጠይቁት። ኮሚቴው ውስጥ ያለ ካውንስለርን ግን «ትቃወምልኛለህ?» ብላችሁ ቃል አታስገቡ። አስቀድሞ ከወሰነ ድምፅ መስጠት ሊከለከል ይችላል፣ እናንተም አንድ ድምፅ ታጣላችሁ። ማስረጃችሁን ስጡትና ተውት።

ሕንፃው ከ1,000 ካሬ ሜትር በላይ ከሆነና ሜትሮፖሊታን ኦፕን ላንድ ላይ ከሆነ ማመልከቻው ወደ ለንደን ከንቲባ ይላካል። ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ከንቲባው ካውንስሉ ከፈቀደ በኋላም ውድቅ እንዲደረግ ማዘዝ ይችላል። ስለዚህ ያንኑ ደብዳቤ ለከንቲባው የፕላኒንግ ክፍልም ላኩ።

8. ኮሚቴ ፊት መናገር

አጀንዳውና የኦፊሰሩ ሪፖርት ከስብሰባው ቢያንስ አምስት የሥራ ቀን በፊት ይወጣል። በወጣበት ቀን አንብቡት፣ ለመናገርም ያኔውኑ ተመዝገቡ። ብዙ ቦታ ለተቃዋሚ የሚሰጠው 3 ደቂቃ ገደማ ነው፣ አንዳንዴም ለሁሉም ተቃዋሚ በጋራ።

ደብዳቤያችሁን አትድገሙ፣ አንብበውታል። ሪፖርቱ ያልመለሰውን አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ያዙ። በስልክ ሰዓት እየያዛችሁ ቤት ውስጥ ተለማመዱ። አክሰንታችሁ አያሳስባችሁ፣ ቀስ በሉ። ሰዓቱ ሲያልቅ ዓረፍተ ነገራችሁ መሀል ላይ ሊያቋርጧችሁ ስለሚችሉ ዋናውን ነገር መጀመሪያ ተናገሩ።

9. ከውሳኔው በኋላ

ካውንስሉ ከከለከለ አመልካቹ ይግባኝ ማለት ይችላል። ያኔ ደብዳቤያችሁ ይግባኙን ወደሚያየው ኢንስፔክተር ይተላለፋል፣ ተጨማሪ መጻፍ ይቻል እንደሆነም ጠይቁ። ካውንስሉ ከፈቀደ ግን ተቃዋሚ ይግባኝ የለውም። ያለው ፍርድ ቤት ነው፣ እሱም በ6 ሳምንት ውስጥ። ፍርድ ቤቱ የሚያየው ውሳኔው ትክክል መሆኑን አይደለም፣ ሕግ ተጥሶ እንደሆነ ነው። በተፈጥሮ አካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ግለሰብ ቢሸነፍ የሚከፍለው የሌላው ወገን ወጪ አብዛኛውን ጊዜ በ5,000 ፓውንድ ይገደባል፣ የራሳችሁ ጠበቃ ክፍያ ግን ለብቻው ነው። ጠበቃ ሳታማክሩ አትግቡበት።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- የማመልከቻውን ቁጥር ሳይጽፉ መላክ። ደብዳቤው የት እንደሚገባ አይታወቅም።
- «አስተያየት» የሚለውን መምረጥ፣ «ተቃውሞ» የሚለውን መተው። ፎርሙ ላይ ሦስት ምርጫ ካለ «እቃወማለሁ» የሚለውን ንኩ።
- ፕላኑ ሲሻሻል ዝም ማለት። አመልካቹ አዲስ ሥዕል ካስገባ ካውንስሉ እንደገና ሊጠይቃችሁ ይችላል። «ተቃውሞዬ እንዳለ ነው» ብላችሁ አጭር ደብዳቤ ላኩ፣ የተቀየረውን ጥቀሱ።
- የላኩበትን ማረጋገጫ አለማስቀመጥ። የመጣላችሁን ኢሜይል ፎቶ አንሱት፣ ከሳምንት በኋላ ደብዳቤያችሁ ፋይሉ ላይ መውጣቱን እዩ። ካልወጣ ደውሉ።
- ሰዓት መሳሳት። ቆጠራውን በኛ አቆጣጠር «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብለው ጽፈው እንዳለ የተረጎሙ ሰዎች አሉ። ኦፊሰሩ በኛ አቆጣጠር ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሜዳው በልጆች ተሞልቶ ነበር ብሎ ያነበዋል። ደብተሩ ላይ ከመጀመሪያው በእንግሊዝ ሰዓት መዝግቡ።